የሄደ ሰው ድርሻ

ሀገሩን ጥሎ ለሥራ የሄደ ሰው፣ ለተወው ቦታ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በየቤቱ ይነሳል፤ አንዳንዴ በስልክ እንደ ቀልድ፣ አንዳንዴ በበዓል ቀን እንደ ወቀሳ፣ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሰውዬው ራሱን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አለበት እንጂ፤ ሀገር አስተምራው ጥሏት ሄደ» ይላል። ሌላው «ምንም የለበትም፤ የት እንደሚኖር የሚመርጠው ራሱ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ጥያቄውን መንገድ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ ባይ ነኝ።

ከየት ቆሜ እንደማወራ ልንገራችሁ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ጓሳ ከሚባለው ደጋ አጠገብ ነው ያደግኩት። ኢንጂነሪንግ ተምሬ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመታት ኮድ ጻፍኩ፤ አሁን በርሊን ውስጥ ተቀምጬ ያንኑ ኮድ እጽፋለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ የክርክር ርዕስ ብቻ አይደለም። መልሱ የሚነካቸው ሰዎች አሉ፤ ከሁሉ በፊት ታናሽ ወንድሜ።

መጀመሪያ የዕዳውን መልስ እንየው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ የወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጣ አሠራር ነው፤ ተማሪው ከወጪው የተወሰነውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። እኔም ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ደረሰኙ አለኝ። ዕዳ ማለት ይሄ ብቻ ከሆነ ጽሑፉ እዚህ ላይ ማለቅ አለበት። ግን እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ከብቶቹን ማን ይጠብቅ ነበር? ወንድሜ። እሱ ከእኔ ሦስት ዓመት ያንሳል። ቤታችን ውስጥ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ሙሉ ቀን ማስተማር አይቻልም ነበርና ተራው ለእኔ ወጣ። ለዚህ ደረሰኝ የለም። ውሉንም የፈረመ ሰው የለም። ወንድሜ አበደረኝ ማለትም አይቻልም፤ ምክንያቱም ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ የዕዳ ቋንቋ በጣም የሚከብደውን ነገር ሳይነካው ያልፋል፤ ሊቆጠር የሚችለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

የመብቱ መልስስ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከሀገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይናገራል። የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 13 ያንኑ ይላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዜጎቹን በአጥር የዘጋ መንግሥት ምን እንደሚመስል የምኖርበት ከተማ በደንብ ያውቃል፤ ለ28 ዓመት በግንብ ተከፍሎ የኖረ ከተማ ነው። ግን መብት የሚነግረን ማንም ሊያስቆመኝ እንደማይገባ ነው። ከሄድኩ በኋላ እንዴት ልኑር የሚለውን አይነግረኝም። በር ክፍት መሆኑና በሩን ካለፍክ በኋላ የምታደርገው ነገር የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ፈላስፎችም ተከራክረውበታል። ጂሊያን ብሮክና ማይክል ብሌክ እ.ኤ.አ. በ2015 በጉዳዩ ላይ አንድ ላይ መጽሐፍ አውጥተዋል፤ ተስማምተው ሳይሆን ተከራክረው። ብሮክ ድሃ ሀገሮች የተማረ ሰዋቸው ከመሄዱ በፊት ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግል መጠየቅ ይችላሉ ትላለች፤ ገደብ አበጅታ ነው ታዲያ። ብሌክ በበኩሉ መንግሥት ሰውን በዚህ መንገድ መያዝ የለበትም ይላል። ልብ በሉ፦ የሁለቱም ክርክር መንግሥት ምን ማድረግ ይችላል የሚል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መንግሥት አይደለም። ወንድሜ ነው፤ ሰፈሩ ነው፤ ሜዳው ነው።

ሜዳውን ካነሳሁ፣ ስለ ጓሳ ልንገራችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ከፍ የሚል፣ ነፋሱ አጥንት ድረስ የሚገባ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ጭላዳዎች በመንጋ ይግጡበታል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ናቸው ከሚባሉት ቀይ ቀበሮዎች የተወሰኑት እዚያ ይኖራሉ። ይህ ሁሉ የተረፈው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ሰው ደርሶበታል፣ ለዘመናት ተጠቅሞበታል። የተረፈው ስለተጠበቀ ነው።

ጥበቃው ቄሮ ይባል ነበር። (በፖለቲካ ዜና ከምትሰሙት ቃል ጋር አታምታቱት፤ ሌላ ነው።) ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። መስኩ የሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ዘሮች የጋራ ሀብት ነው። በሁለት ተከፍሎ ለየክፍሉ አፈሮ ወይም አባ ቄራ የሚባል አለቃ በተጠቃሚዎቹ ይመረጣል። አባ ቄራው መስኩን ይዘጋል፤ አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት ድረስ። በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሣሩ ደርሷል ብሎ ሲያምን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶ ላይ ቀኑን ያስነግራል። በበጋው መሃል መስኩ ይከፈታል፤ ሰው ያጭዳል፣ ከዚያ ከብቱ ይገባል፣ ክረምቱ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። ሲዘጋ መጠበቅ ደግሞ የአለቃው ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሥራ ነው። ተጠቃሚው ተራ ገብቶ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ መጥፋቱ አይቀርም የሚል ዝነኛ ጽሑፍ ጻፈ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ተጨማሪ በግ ባስገባ ቁጥር ትርፉ የራሱ ነው፣ ጉዳቱ የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ያስገባል፣ መስኩ ያልቃል። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ዕድሜዋን ሙሉ እውነተኛ መስኮችን፣ እውነተኛ የመስኖ ቦዮችን፣ እውነተኛ የዓሣ ማጥመጃዎችን አጥንታ ሰዎች ደንብ አውጥተው፣ ራሳቸው እየጠበቁ ለዘመናት ማቆየት እንደሚችሉ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መንዝ ውስጥ ያረጀ ሰው ብታነጋግር ኖሮ «ይሄማ የታወቀ ነው» ይላት ነበር ብዬ አስባለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ቄሮም ቆመ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ነበር፤ ቄሮም እንከን የለሽ አልነበረም። የአስቦ ወይም የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው፣ ምንም ያህል ዘመን እዚያው ቢኖር፣ ድርሻ አልነበረውም። አጥንት ቆጥሮ የሚሰጥ መብት ነው። ከአዋጁ በኋላ መብቱ ለሁሉም ሆነ፤ ጥበቃው ግን የማንም ሆነና ሣሩ ተጎዳ። በኋላ ነው የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ፣ በአዲስ ደንብና በአዲስ ኮሚቴ፣ ዘር ሳይቆጥር ጥበቃውን መልሶ ያቆመው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለጥያቄዬ የሚሆን አንድ ነገር አገኛለሁ። የጋራ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ድርሻ አለ፦ የማጨድ ድርሻና የመጠበቅ ድርሻ። ጤናማ ሆኖ የሚቆየው ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ ነው። ዘር ብቻ ይዞ የማይጠብቅ ሰው፣ አጥንቱ ምንም ቢሆን፣ የሌላውን ድካም ነው የሚያጭደው። እየጠበቀ ድርሻ የሌለው ሰው ደግሞ ተበድሏል። የሄደ ሰው ጥያቄ እንግዲህ «ዕዳ አለበት ወይ?» አይደለም። «የት ነው የሚያጭደው? የትስ ነው የሚጠብቀው?» ነው።

በዚህ ዓይን የአዲስ ከተማን ኑሮ ስታየው መልኩ ይለወጣል። በርሊን የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት አጫጅ ብቻ ነው። ባቡሩ ሌሊት ይሠራል፤ ማን እንደዘረጋው አታውቅም። የቧንቧ ውሃ ትጠጣለህ። መናፈሻው በነፃ ነው። ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። ቤት በገባህ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻህን ማስመዝገብ አለብህ፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ያለ አድራሻ የግብር ቁጥር ይዘገያል፣ የባንክ ሒሳብ ይከብዳል። አድራሻ እንዲኖርህ ደግሞ ቤት ያስፈልግሃል፤ ቤት ለማግኘት አንድ ክፍል ለማየት ከብዙ ሰው ጋር ደረጃ ላይ ትሰለፋለህ። ብዙ ሐበሻ ይሄን ሲያማርር ሰምታችኋል። ማማረሩ ልክ ነው። ግን ወረቀቱ በሌላ በኩል ሲታይ «አንተም ከተጠቃሚዎቹ ጋር ተቆጠርክ» ማለት ነው። ደመወዜ ላይ የሚቆረጠው ግብር የማላውቃቸውን ሽማግሌዎች ጡረታና የማላውቃቸውን ልጆች ትምህርት ይከፍላል። ተራ ጥበቃ መግባት ማለት በከተማ ቋንቋ ይሄ ነው።

ከምኖርበት ብዙ ሳይርቅ ቴምፕልሆፍ የሚባል ሜዳ አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ምዕራብ በርሊን እ.ኤ.አ. በ1948 ተከባ በነበረበት ጊዜ ምግብና ከሰል በአውሮፕላን ይወርድበት የነበረው ነው። በ2008 ተዘጋ፤ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ። ከ300 ሄክታር በላይ የሚሆን ባዶ ሜዳ፣ በከተማ መሃል። የከተማው አስተዳደር ጠርዙ ላይ ቤት ሊሠራበት ሲያስብ ነዋሪው ፊርማ አሰባስቦ በግንቦት 2014 ሕዝበ ውሳኔ አስጠራ፤ «አይነካም» ብሎም አሸነፈ። ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። መሬት ላይ ጎጆዋን ለምትሠራ አንዲት ትንሽ ወፍ ሲባል የሜዳው ከፊል በየዓመቱ በመራቢያ ወራቷ ይዘጋል። ሰው ሁሉ ገመዱን አይቶ ዞሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳየው የአባ ቄራ ሥራ እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ።

ግን ሜዳውን አላሞግስላችሁም። ያ ሕዝበ ውሳኔ ለጀርመን ዜጎች ብቻ ነበር። ድምፅ የሰጡት ቤት ያላቸው ነበሩ ለማለት ባይቻልም፣ ዛሬ ቤት ፈላጊ ሆኖ የሚመጣው እንግዳ ግን ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ ደረጃ ላይ የሚሰለፈው ሰው «ሜዳችሁን ለወፍ ስትጠብቁ ለእኔ ቤት አጣችሁ» ቢል ተራ ቅናት አይደለም። የአስቦና የጌራ ጥያቄ ነው፤ የጋራ የሚባለው ነገር የነማን ነው? መልሱ እዚያም እዚህም አንድ ይመስለኛል። ዘርም፣ ፓስፖርትም፣ ቀድሞ መምጣትም መጀመሪያውን ሊወስኑ ይችላሉ። ውሎ አድሮ ግን ድርሻ የሚገባው እየኖረ ለሚጠብቅ ነው። መንዝ ውስጥ ያ ለውጥ መጥቷል። በርሊንም በዚያ በኩል የሚቀራት አለ።

«ለምን ሄድክ ታዲያ? ሶፍትዌር ከየትም ይሠራል» የሚለኝ አይጠፋም። በወረቀት ላይ እውነት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። የሥራ ስብሰባህ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከሆነ ወራት ቀርቶ አንድ ጠዋት በቂ ነው። ከውጭ ደንበኛ ገንዘብ መቀበሉም ሌላ ፈተና ነው፤ ስትራይፕን የመሳሰሉት የክፍያ መንገዶች ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚገኝ ነጋዴ ክፍት አይደሉም። የመሄዴን ምክንያት ለማጽዳት አይደለም ይሄን የምለው። ደመወዙም አጓጉቶኛል። ብቻ «ቤትህ ሆነህ ሥራ» የሚለው ምክር ሌላ ሰው የጠበቀው ኔትወርክ፣ ሌላ ሰው የጠበቀው ሰላም እንዳለ አድርጎ ነው የሚነሳው። የጋራው ነገር ሲፈርስ መጀመሪያ የሚሄደው መሄድ የሚችለው ነው። መሄድ የማይችለው ደግሞ በፈረሰው ውስጥ ይቀራል። የመሄድ ችሎታ ራሱ እኩል አልተከፋፈለም።

ድሮ የመመለስ ነገር ብዙም አያጠያይቅም ነበር። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በወጣትነቱ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሀገሮች ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም ስለ መንግሥትና ስለ ኢኮኖሚ እስከ ዛሬ የሚነበብ ነገር ጻፈ። ያ ትውልድ ትምህርትን እንደ ዕቃ ሄዶ አምጥቶ ለሀገር የሚያስረክበው ነገር አድርጎ ያየው ነበር። የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው። እኛ የምንሄደው ለሥራ ነው፣ ሥራው ደግሞ እዚያው ነው። «ተመለስ» የሚለው ጥሪ ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለሁሉም መልስ ሊሆን አይችልም።

ገንዘብ መላክስ? መንደር ውስጥ ለደቦ መምጣት ያልቻለ ሰው ሌላ ሰው በእሱ ፋንታ ይልካል፤ ወይም ጠላውን ይጠምቃል። የምንልከው ገንዘብ ምትክ ነው፤ ጥሩ ምትክ ነው። ግን ምትክ መሆኑን መርሳት አያስፈልግም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በላክሁት ገንዘብ የቤታችን የጓሳ ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ተመታ። ደግ አደረግን፤ እናቴ በስተርጅና ከሚያፈስ ጣሪያ ጋር መታገል የለባትም። ግን ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሲሆን ሣሩን የሚፈልገው ይቀንሳል። ሣሩን የማይፈልግ ሰው ለምን ብርድ ላይ ወጥቶ ይጠብቀዋል? ቀይ ቀበሮዋን ያቆየው የእኛ ክዳን ፍለጋ ነበርኮ። ከሩቅ የሚላክ ገንዘብ ኑሮን ሲያቀል፣ ሰውን ከመስኩ ጋር ያሰረውን ክርም ያላላል። ይህን የሚያስተካክለው ሌላ ገንዘብ አይደለም፤ እዚያው ያለ ሰው ነው። አስጎብኝ ሆኖ የሚሠራ፣ ጥበቃ ላይ የሚውል፣ በኮሚቴው ውስጥ «ይዘጋ» ወይም «ይከፈት» ብሎ የሚከራከር።

ስለዚህ የይዞታው ነገር ሲነሳ መልሴን ያገኘሁት ከዚሁ ነው። አባታችን ዕድሜው ገፋ፤ መሬቱ ወደ ማን ይዙር የሚል ወሬ መጣ። አጎቴ ደውለው መከሩኝ። «ልጄ፣ ታላቅ ነህ፤ ድርሻህን አትልቀቅ። የሰው ሀገር ነው፤ ነገ ቢያባርሩህስ?» አሉኝ። ምክራቸው የሞኝ ምክር አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ቢሄድ ብዙ ነገር አብሮ ይሄዳል። መሬቱ ማስያዣዬ ነበር። ግን ማስያዣ የሚሆነኝ ወንድሜ በየዓመቱ እያረሰው፣ ድንበሩን እየጠበቀው፣ ለጋራው መስክ ተራ እየገባ ነው። እሱ ይጠብቃል፣ እኔ «ምናልባት» እያልኩ አጭዳለሁ። ከብቶቹን በልጅነት እንዲጠብቅልኝ የወጣው ተራ ዕድሜ ልኩን ይቀጥል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ የእሱ ይሁን» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ደስ እንዳላቸው አላውቅም። ወንድሜ ሲሰማ አላመሰገነኝም። «እና ከእንግዲህ የምን ሰው ልትባል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከባድ ጥያቄ ነው። ለእኛ ሰው ርስት ማለት እርሻ ብቻ አይደለም፤ ከነማን ወገን እንደሆንክ የሚናገር ነገር ነው። ርስቱን የለቀቀ ሰው ስሙም አብሮ የሚለቅ ይመስለዋል። እኔ ግን መልሱን እንዲህ አየዋለሁ። የማጨድ ድርሻዬን ነው የለቀቅኩት። ወንድምነቴን አይደለም፤ ሲቸገር የመድረስ፣ ሲጠራኝ የመምጣት፣ ስለ ቦታው በምሰማበት ቦታ ሁሉ ዝም ያለማለት ግዴታዬንም አይደለም። እንዲያውም ከዚያ መሬት ምንም የማልጠብቅ ስለሆንኩ አሁን ስደውልለት ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኮሚቴው የምጠይቀው ለራሴ ጥቅም አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ሰው «ይሄ ለሄደ ሰው የተመቸ ሒሳብ ነው፤ እዚያ ግብር ከፈልኩ ብለህ እዚህ ያለውን ራስህን ይቅር አልክ» ሊለኝ ይችላል። ጠንካራ ተቃውሞ ነው። መልሴ ሒሳቡ አይዘጋም የሚል ነው። ወንድሜ ያጣውን ትምህርት መሬት አይመልስለትም፤ ያ እንዳለ ይኖራል፣ እኔም እያወቅኩት እኖራለሁ። የምለው ትንሽ ነገር ነው፦ ልትከፍለው የማትችለው ነገር ቢያንስ እንዳይጨምር ማድረግ ትችላለህ። ሁለት ቦታ ማጨድና የትም አለመጠበቅ፣ ይሄ ነው የሚጨምረው። እዚያ ድርሻዬ ተቀምጦልኛል፣ እዚህ ደግሞ እንግዳ ነኝ እያለ የሚኖር ሰው ለሁለቱም ከተማ ሸክም ነው። ከጎረቤቱ ጋር የማይተዋወቅ፣ የሕንጻው ስብሰባ ላይ የማይገኝ፣ ቋንቋውን «ልመለስ አይደል» ብሎ የማይማር፣ እዚያ ቤት ደግሞ ለዓመታት ተቆልፎ የሚቀመጥ ግቢ ያለው ሰው ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ።

ቪዛ ይዛችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ ሂዱ አትሂዱ አልልም። ሁላችሁም መሄዳችሁ የሚቻለው አንድ ሰው ስለቀረ ነው፤ እናት የሚያስታምም፣ መሬት የሚያርስ፣ ዕድር የሚከፍል። ያንን ሰው ከመሄዳችሁ በፊት በስሙ አስቡት፣ ድርሻው የእሱ መሆኑንም ራሳችሁ ንገሩት፤ ሌላ ሰው እንዲነግረው አትጠብቁ። ከዚያ የምትደርሱበት ከተማ ስትገቡ ተራ የሚገባው የት እንደሆነ ጠይቁ።